ሙሴ ደጀኔ ያልፈረሙበት ወረቀት

ሙሴ ደጀኔ በተቀበሩ በሰልስቱ፣ ጅቡቲ፣ ካርቲየ 3 በሚባለው ሰፈር ቤታቸው ደጃፍ በተተከለው ድንኳን ውስጥ፣ የመሥሪያ ቤታችን አለቃ ተነስቶ ቆመና «እንደ እሳቸው ያለ ጠንቃቃ ሰው በዚህ ከተማ አላየሁም» አለ። ለቀስተኛው ራሱን ነቀነቀ። ከኋላ አንዲት ሴት «እውነት ነው» ስትል ሰማሁ። እኔ ጭንቅላቴን አቀርቅሬ ወንበሬን በሁለት እጄ ያዝኩ። ይኸው ሰው በዚሁ አፉ፣ ሙሴ ደጀኔ በሕይወት ሳሉ፣ «ነዝናዛው ሽማግሌ» ይላቸው ነበር። ሲኖሩ ነዝናዛ፣ ሲሞቱ ጠንቃቃ። ለካ በእኛ ዘንድ ሰው ጠንቃቃ ለመባል መሞት አለበት።

ንግግሩን ጨርሶ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። ውሃ ጠጣ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ አንድ ነገር ጠየቀኝ። የጠየቀኝን ነገር እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል፤ ነገር ግን አስቀድሜ ሰውየው ማን እንደነበሩ ካልተናገርኩ ንዴቴ ለማንም አይገባም።

ጅቡቲ ውስጥ እኛ የባቡር ሠራተኛ ልጆች «አቶ» ከማለት «ሙሴ» ማለት ይቀናናል፤ ከፈረንሳዮቹ «ሙስዩ» የወረስነው ነው። ሙሴ ደጀኔ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገት የሚቆልፉ ሰው ነበሩ። በሐምሌ ሙቀት እንኳ፣ ነፋሱ እንደ ምድጃ አፍ ፊት ሲለበልብ፣ የላይኛዋን ቁልፍ አይፈቱም። መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። የግራ አውራ ጣታቸው ጥፍር ረጅም ነው፤ ሲያነቡ ጥፍራቸውን ከመስመሩ ሥር ያደርጉና እንደ ማረሻ ይገፉታል። መስመሩ ሳያልቅ ጥፍራቸው አይነሳም።

የሚሠሩት ወደብ አጠገብ ባለ ትልቅ የማቀዝቀዣ መጋዘን ነው። ሥጋና ዓሣ ይቀመጥበታል። ማቀዝቀዣው የሚሠራው በአሞንያ ጋዝ ነው። አሞንያ ዓይን ያጠፋል፣ ሳንባ ያቃጥላል። ስለዚህ የትኛው ቫልቭ እንዴት እንደሚከፈትና እንዴት እንደሚዘጋ የሚናገሩ፣ በፈረንሳይኛ የተጻፉ ስድስት ወፋፍራም መጻሕፍት ነበሩን። የእነዚያ መጻሕፍት ጠባቂ እሳቸው ነበሩ። ክፍላቸው ከመጋዘኑ ጀርባ ናት፤ አንድ መስኮት፣ አንድ ቬንቲላተር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር። ሁለተኛው ወንበር ለምን እንዳስፈለገ የገባኝ ቆይቶ ነው።

እኔ እዚያ የገባሁት የዓሣ ሣጥን አጣቢ ሆኜ ነበር። ትምህርቴን ያቋረጥኩት አራተኛ ክፍል ላይ ነው። ልጆቼ ይህን ያውቁታል፤ ካርዳቸውን ይዘው በመጡ ቁጥር የምደጋግመው ነውና። ፈረንሳይኛ ማንበብ የተማርኩት በዚያ በሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። አንድ ቀን መስኮቱን ሳጥብ ጠሩኝ።

«ፊደል ታውቃለህ?»

«የኛን አውቃለሁ።»

«የነሱም እንዲሁ ነው፤ ያንሳል እንጂ አይበዛም። ተቀመጥ።»

መጽሐፉን ለራሳቸው ያዙ፤ ከኮምፒውተር የወጣውን ወረቀት ለእኔ ሰጡኝ። እሳቸው አንድ መስመር ጮክ ብለው ያነባሉ። እኔ ያንኑ መስመር ከእኔ ወረቀት ላይ መልሼ አነባለሁ። ሁለቱ ከገጠሙ «ተመልሷል» ይላሉ፤ ወደሚቀጥለው እንሄዳለን። ካልገጠሙ እርሳስ ይነሳል። ቃሉን ብቻ አይደለም የምናነበው፤ በፊደሎቹ አናት ላይ ያሉትን ጭረቶችም ጭምር ነው፤ እነዚያን ፈረንሳዮች አክሳን የሚሏቸውን። «ጭረት ወደ ቀኝ»፣ «ጭረት ወደ ግራ»፣ «ባርኔጣ»፣ «ሁለት ነጥብ» እንላለን። ድምፃችን በመስኮት ይወጣል። መካኒኮቹ ሲያልፉ «ሙሴ አክሳን ዛሬም ቅዳሴ ገብቷል» ይላሉ። ስሙን ያወጣላቸው ሮብሌ የሚባል የዋራበሌ ሰፈር ልጅ፣ ጎበዝ መካኒክና ቀልደኛ ነው። ለእኔም አልቀረልኝም። «ዋርያ ታደሰ፣ ዲያቆን ሆንክ እንዴ?» ይለኝ ነበር፤ ዋርያ በሶማልኛ «አንተ» ማለቱ ነው።

ይህ መልሶ ማንበብ የመጻሕፍት ቤት ልማድ አይደለም፤ የሐዲድ ልማድ ነው። የሙሴ ደጀኔ አባት ባቡር ጣቢያ የቴሌግራም ጸሐፊ ነበሩ። ሐዲዱ አንድ ነው፤ ባቡሩ ከላይም ከታችም ይመጣል። ከሚቀጥለው ጣቢያ «ያዘው» ወይም «ልቀቀው» የሚል ትእዛዝ ሲመጣ፣ ተቀባዩ ቃል በቃል መልሶ ካላነበበና ላኪው «ተመልሷል» ካላለው ትእዛዙ እንዳልደረሰ ይቆጠራል። «ገባኝ» ማለት አይቻልም። ሙሴ ደጀኔ ይህን ልማድ ከአባታቸው ይዘው ቤታቸው ድረስ አስገብተውታል። ባለቤታቸውን እትዬ ጥሩነሽን ወደ ሱቅ ሲልኩ እንኳ፣

«ምን አልኩ?» ይላሉ።

«ሽንኩርት፣ የልብስ ሳሙና፣ አንድ አምፖል።»

«ተመልሷል።»

«እኔ ሐዲድ እንጂ ባል አላገባሁም» ይላሉ እትዬ ጥሩነሽ፣ ነጠላቸውን እያጣፉ። ፈረንሳይኛ ከ«ቦንዡር» አያልፉም። ግን አርባ ዓመት ሙሉ ያንን የሁለት ድምፅ ንባብ፣ መጀመሪያ ከባላቸውና ከአማታቸው፣ ኋላም ከባላቸውና ከእኔ፣ በጓዳ በር ሲሰሙ ኖረዋል።

መመሪያዎቹ በሙሉ ወደ ታብሌት ይግቡ የተባለው እሳቸው ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት ሲቀራቸው ነው። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም፤ ይህን ማለት አለብኝ። መካኒክ በረዶ ክፍል ውስጥ ወፍራም መጽሐፍ ታቅፎ ከሚቆም ታብሌት ቢይዝ ይሻለዋል። መመሪያዎቹ ድሮ በተተየቡበት አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ነበሩ፤ ከዚያ ወደ አዲሱ መለወጥ ብቻ ነው። ለዚህ ከውጭ አንድ ባለሙያ ተቀጠረ።

የመጀመሪያው ሙከራ ሲወጣ፣ አክሳን የነበረበት ፊደል ሁሉ በቦታው ጥያቄ ምልክት ወይም ባዶ ሣጥን ሆኖ መጣ። ገጹ ፈንጣጣ የወጣበት ይመስል ነበር። አለቃችን ሳቀ። ሙሴ ደጀኔ ግን አልሳቁም፤ አልተቆጡምም። እንዲያውም ደስ ያላቸው መሰለኝ።

«ጥያቄ ምልክት ሐቀኛ ነው» አሉኝ። «አላውቅም ይላል። አላውቅም የሚል ነገር ይታረማል።»

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከዚያ አሮጌ ኮምፒውተር ፊት አልተነሱም። ማንም አላስተማራቸውም። አንድ ቀን ጠርተው አሳዩኝ። «ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። ለእያንዳንዱ ምልክት አንድ ቁጥር የሰጠ ሰንጠረዥ አለው። አሮጌው የጻፈው በአንድ ሰንጠረዥ ነው፤ አዲሱ የሚያነበው በሌላ ሰንጠረዥ ነው። ቁጥሩ ያው ነው፤ ሰንጠረዡ ነው የተለያየው። እንግዲህ ሳይለወጥ በፊት ‹ይህ በአሮጌው ሰንጠረዥ ነው የተጻፈው› ብለህ ብትነግረውስ?» ነገሩት። አንድ ምዕራፍ ለወጡ። ጭረቱ፣ ባርኔጣው፣ ነጥቡ፣ ሁሉም በየፊደሉ አናት ላይ ተመልሶ ቁጭ አለ። ሁለታችን ምዕራፉን መልሰን አነበብነው። አንድም አልጎደለም።

ይህን የምጽፈው ነገሩ የማይቻል እንዳልነበረ እንዲታወቅ ነው። መንገዱ ተገኝቶ ነበር። ያገኘውም የተቀጠረው ባለሙያ ሳይሆን አንድ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሽማግሌ ነው። ባለሙያው ራሱ አይቶ «ልክ ነዎት፤ ግን ከመጀመሪያው መጀመር ሊኖርብኝ ነው» አላቸው። አለቃችን ግን የምረቃውን ቀን ቆርጦ፣ እንግዳ ጠርቶ፣ ጥብጣብ አዝዞ ነበር።

«ያ ጥያቄ ምልክት ይጥፋልኝ» አለው ባለሙያውን። «እንዴት እንደምታጠፋው የራስህ ጉዳይ ነው።»

ጠፋ። ባለሙያው ጭረት ያላቸውን ፊደሎች መላጣ አደረጋቸው፤ ማሽኑ የማያውቀውን ሌላ ምልክት ሁሉ ሰረዘ፤ በመሰረዙ ምክንያት ክፍት የቀረ ቦታ ሲያይ ደግሞ ይሆናል ያለውን በእጁ ሞላበት። ገጹ ንጹሕ ሆነ። ጥያቄ የሚጠይቅ ምልክት አንድም አልቀረበትም። ልጆቼን ስለ ውሸት ስመክር ይህን ገጽ አስባለሁ። ጥፋት አይደለም የሚያስፈራው፤ የተወለወለ ጥፋት ነው።

አንድ ጠዋት አለቃችን አንድ ወረቀት ይዞ ወደዚያች ጠባብ ክፍል ገባ። «ከዋናው መጽሐፍ ጋር ተነጻጽሮ ትክክል ሆኖ ተገኝቷል» ይላል። ከሥሩ የሁለት ሰው ፊርማ ቦታ አለው። የአንባቢና የመላሽ።

«ፈርሙ፤ ቸኩያለሁ።»

«ያነበብነው የመጀመሪያውን መጽሐፍ ግማሽ ነው» አሉ ሙሴ ደጀኔ።

«ሰው ይገባዋል። አክሳን ባይኖር ፈረንሳይኛ አይገባህም? ልጆቻችን በስልክ ሲጻጻፉ አክሳን ያደርጋሉ?»

«ልጆቻችን በስልክ አሞንያ አይከፍቱም።»

«ደጀኔ፣ ለጭረት ብለህ ሥራ ታቆማለህ?»

«የተጣለው ጭረት ብቻ መሆኑን ማን አየ? አንድ ጆንያ ሙሉ ምልክት ተጥሏል። ጆንያው ውስጥ ያለውን እኔ አላየሁም። እርስዎም አላዩም። ያላነበብኩትን አነበብኩ ብዬ አልፈርምም።»

አለቃችን እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠላቸው። ሙሴ ደጀኔ አነሱት፣ ክዳኑን አጠለቁ፣ መልሰው ወደ እሱ ገፉት። «ነዝናዛ ሽማግሌ» አለና በእሳቸው ቦታ ላይ ራሱ ፈረመ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ያን ጊዜ ከሣጥን አጣቢነት ወጥቼ የመጻሕፍት ክፍሉ ረዳት ሆኛለሁ። ውሌ የሚታደስበት ወር ነበር። ሃያብለ ሰፈር ባለው ቤቴ አራት ልጆች አሉኝ።

ፈረምኩ።

ሙሴ ደጀኔ ወደ መጽሐፋቸው ተመለሱ። ጥፍራቸውን መስመሩ ሥር አድርገው ማንበባቸውን ቀጠሉ፤ ለብቻቸው፣ መላሽ ሳይኖራቸው።

ከምረቃው በኋላ አሮጌው ኮምፒውተር ውስጡ ያለው ሁሉ ተደምስሶ ለሌላ ተሰጠ። ወረቀት ሁሉ ወደ ቆሻሻ ይውጣ ተባለ። ሙሴ ደጀኔ ስድስቱን መጻሕፍት ጆንያ ውስጥ ከተቱ። በር ላይ ጠባቂው ጆንያውን ነካ አድርጎ «ምንድን ነው?» ቢላቸው «ለቆሻሻ የተጣለ ወረቀት» አሉት። «ሙሴ አክሳን ቆሻሻም አያመልጠው» ብሎ ሳቀና ለቀቃቸው። ታክሲ ላይ ጭነው ወደ ካርቲየ 3 ሲወስዱት እኔ መንገዱ ማዶ ቆሜ አያለሁ። አላገዝኳቸውም።

ሦስት ወር አለፈ። ከማሽኑ ሥር የተጠራቀመውን ዘይት ማፍሰስ የቆየ መካኒክ ሥራ ነበር፤ እሱ ጡረታ ወጣና ተራው ለሮብሌ ደረሰ። ሮብሌ በሕይወቱ ያንን ቫልቭ ከፍቶ አያውቅም። ስለዚህ ጥሩ ሠራተኛ የሚያደርገውን አደረገ፤ ታብሌቱን ከፈተና አነበበ። ቫልቩን አንድ ሙሉ ዙር ክፈት ይላል። አንድ ሙሉ ዙር ከፈተ። ከዘይቱ ጋር ጋዙ ፈንድቶ ፊቱ ላይ መጣ። ቀኝ ዓይኑ ጠፋ።

እዚህ ላይ ብዕሬን አስቀምጬ ተነስቼ ነበር። አሁን ተመልሼ ተቀምጫለሁ።

ሮብሌ ገና ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ አለቃችን «መመሪያውን ባለመከተል» የሚል ደብዳቤ ጻፈበት። ከሥራ እንዲሰናበት፣ አደጋውም በራሱ ጥፋት እንደደረሰ እንዲመዘገብ። የሥራ ተቆጣጣሪ ከመንግሥት መጣና ሁላችንም በስብሰባ አዳራሽ ተቀመጥን። ሮብሌ ግማሽ ፊቱ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ያ ቀልደኛ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ «ያነበብኩትን ነው ያደረግኩት» አለ። አለቃችን መለሰለት፦ «መመሪያው ትክክል ነው፤ ተነጻጽሯል፤ ተፈርሞበታል። አንተ ነህ በደንብ ያላነበብከው።» ወረቀቱን ለተቆጣጣሪው አሳየው። ፊርማዬ ከሥሩ አለ።

ተቆጣጣሪው «ዋናው መጽሐፍ የት አለ?» ብሎ ጠየቀ።

«በአሠራሩ መሠረት ተወግዷል» አለ አለቃችን።

ሙሴ ደጀኔ ከኋላ ወንበር ተነሱ። ጉልበታቸው ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ነበር፤ እኔ ምሳቸው መስሎኝ ነበር። ጋዜጣውን ፈቱት።

«አልተወገደም። እኔ ሰርቄዋለሁ» አሉ። «አራተኛው መጽሐፍ ይኸውና። ሌሎቹ አምስቱ ቤቴ ናቸው። ስለ ሌብነቱ በኋላ ትጠይቁኛላችሁ፤ አሁን ይነበብ።»

«ይህ ሰው የድርጅቱን ንብረት...» ብሎ አለቃችን ጀመረ።

«ይነበብ» አለ ተቆጣጣሪው።

ሙሴ ደጀኔ ገጹን ገለጡ፤ ጥፍራቸውን መስመሩ ሥር አደረጉ። ከዚያ በሦስት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ።

«ታደሰ፣ ታብሌቱን ያዝ። መልስልኝ።»

እሳቸው ከመጽሐፉ አነበቡ፦ ቫልቩን ሩብ ዙር ክፈት። ሩብ የምትለዋ በቃል አልተጻፈችም፤ አንድ ከላይ፣ አራት ከታች ሆና፣ ከአንድ ፊደል የማትበልጥ ትንሽ ምልክት ናት። ከአክሳኖቹ ጋር በዚያው ሰንጠረዥ ውስጥ የምትኖር፣ ከእነሱ ጋር በዚያው ጆንያ የተጣለች ምልክት። ስትሰረዝ ቦታዋ ክፍት ቀረ፤ ያ ባለሙያ ደግሞ ይሆናል ብሎ «አንድ» ጻፈበት።

እኔ ከታብሌቱ አነበብኩ፦ ቫልቩን አንድ ዙር ክፈት።

ሙሴ ደጀኔ «ተመልሷል» አላሉም። ተቆጣጣሪው ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረና «ይህ ፊርማ የማን ነው?» አለኝ።

«የእኔ ነው።»

«አንብበህ ነው የፈረምከው?»

«አይደለም። ሳላነብ ነው።»

ልጆቼ ይህን ታሪክ ስነግራቸው «አባባ፣ እውነቱን ተናገርክ እኮ» ይሉኛል። አይደለም። እውነቱን የተናገሩት ሙሴ ደጀኔ ናቸው፤ እኔ የተናገርኩት መሸሻ ካጣሁ በኋላ ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚቆጥር ልጅ ከእኔ ቤት እንዲወጣ አልፈልግም።

ሮብሌ ነጻ ወጣ። ደብዳቤው ተቀደደ፤ ዓይኑን ግን የሚመልስለት አልነበረም። ሙሴ ደጀኔ የድርጅቱን ንብረት አውጥተዋል ተብለው፣ ለጡረታቸው አራት ወር ሲቀራቸው ተሰናበቱ። አለቃችን በቦታው ቀረ። እኔም በቦታዬ ቀረሁ። ድርጅቱ አራተኛውን መጽሐፍ ወሰደና በታብሌቱ ላይ ያንን አንድ መስመር አረመ። አንድ መስመር! ዓይን የጠፋበትን አርመው ዓይን የሚያጠፉትን ተዉአቸው። ከሁለት ሺህ ገጽ በላይ የነበረውን ቀሪውን ማንም አላየውም። የቀሩት አምስቱ የት እንዳሉ ሙሴ ደጀኔ በሰው ሁሉ ፊት ተናግረዋል፤ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ የጠየቀ የለም። መጽሐፎቹን መጠየቅ ሌላም ስህተት አለ ማለት ነውና።

በተሰናበቱ በሦስተኛው ወር፣ የዕረፍት ቀናችን በሆነው በአንድ ዓርብ፣ ቤታቸው ሄድኩ። በር ላይ ቆምኩ።

«ግባ» አሉኝ። «በር ላይ የቆመ ሰው ሙቀት ያስገባል።»

«ሙሴ ደጀኔ፣ ያን ቀን ውሌ...»

«አውቃለሁ። ምክንያትህን አልጠየቅኩህም። የመጀመሪያውን መጽሐፍ አምጣው።»

ታብሌቱን ከመሥሪያ ቤት ማውጣት አይፈቀድም፤ ስለዚህ ማነጻጸር አንችልም ነበር። የምንችለው አንድ ነገር ብቻ ነው። እሳቸው እያነበቡ እኔ እየመለስኩ፣ ማሽኑ ሊጥለው ይችል የነበረን ምልክት ሁሉ በቀይ እርሳስ ከበብን። የሙቀት መጠን ዲግሪ፣ ሩብ፣ ግማሽ፣ «ከዚህ አይበልጥ» የሚሉ ምልክቶች። ዓርብ ዓርብ፣ ሦስት ዓመት። ለማን እንደሚሠሩት ስጠይቃቸው «ለሚመጣው» ይሉኝ ነበር። የሚመጣ አልነበረም። በሥራዬ ቦታ አደገኛ የመሰለኝን ለመካኒኮቹ በአፌ እየነገርኩ፣ ሮብሌም በሕመም ፈቃዱ ጊዜ ሳይቀር ስልክ እየደወለ ለጓደኞቹ እያስጠነቀቀ ቆየን። በአፍ የሚዞር መመሪያ ግን መመሪያ አይደለም። አምስተኛውን መጽሐፍ ጨርሰን ስድስተኛው ላይ ሳለን ልባቸው ደከመ። የመጨረሻው የቀይ እርሳስ ክብ ሳይገጥም ቀርቷል።

እንግዲህ አለቃችን በድንኳኑ ውስጥ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ የጠየቀኝ ይህን ነው፦

«መጻሕፍቱ አሁንም እዚህ ቤት ናቸው? መርማሪ ሊመጣብን ነው፤ ዋናውን አሳዩ ብለውናል።»

ለቅሶ ሊደርስ አልነበረም የመጣው። «ጠንቃቃ» ያለውም ለዚህ ነበር። የዚያን ጊዜ አፌ ላይ የመጣውን ብናገር ለቅሶ ቤት ነውና ነውር ይሆን ነበር። «እትዬ ጥሩነሽን ጠይቄ እነግርዎታለሁ» አልኩት።

ለቀስተኛው ሲበተን ነገርኳቸው። እትዬ ጥሩነሽ ጥቁር ሻሻቸውን አጥብቀው አሰሩ።

«ራሱ ይምጣ።»

«ሰው ልላክ ቢልስ?»

«ራሱ። ያንን ታብሌት የምትሉትን ይዞ ይምጣ። ወንበሩ አለ። ሳይነበብ ከዚህ ቤት የሚወጣ መጽሐፍ የለም።» ከዚያ ጣታቸውን አነሱብኝ። «ምን አልኩ?»

«ራሱ ይምጣ፤ ታብሌቱን ይዞ፤ ሳይነበብ መጽሐፍ አይወጣም።»

«ተመልሷል» አሉና አለቀሱ።

ከአርባው በኋላ በአንድ ዓርብ ጠዋት መጣ። ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ሙሴ ደጀኔ ይቀመጡበት በነበረው ወንበር እኔ፣ በእኔ ወንበር እሱ ተቀመጥን። አሠራሩን ነገርኩት። አንድ መስመር እኔ፣ ያንኑ መስመር እሱ፤ ጭረት ወደ ቀኝ፣ ጭረት ወደ ግራ፣ ባርኔጣ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ብቻ አምስት ቦታ ቆምን። በሁለተኛው ገጽ ግማሽ የሚል ምልክት በቀይ ተከቧል፤ በታብሌቱ ላይ የለም። ግንባሩን በመሐረብ ጠረገና ጻፈው።

እኩለ ቀን ሲቃረብ ሙቀቱ ጨመረ፤ መንገዱ ላይ የጫት ሻጮቹ ጩኸት ተጀመረ። እኔ አንድ መስመር አነበብኩ። እሱ ታብሌቱን አይቶ ራሱን ብቻ ነቀነቀ። ገባኝ እንደማለት። አሁንም አለቃዬ ነው፤ ውሌ በእጁ ነው። አፌ «ተመል...» ብሎ ጀምሯል።

«ታደሰ» አሉ እትዬ ጥሩነሽ ከጓዳ፣ ሽንኩርት መክተፋቸውን አቁመው። «የእሱ ድምፅ አልተሰማም። አልተመለሰም።»

አለቃችን ቀና አለ። «ምን አሉ?»

«የመጨረሻው መስመር አልተመለሰም ይላሉ» አልኩት፤ አውራ ጣቴን ወደ መስመሩ መጀመሪያ መልሼ አስቀመጥኩ።

አንገቱን ደፍቶ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ።